የናፍጣ ሂሳብ ከጎንደር እስከ ገዳሪፍ፦ ተሳቢ ስንጎትት ትርፋችን የት ይፈሳል?

ከጥቂት ዓመታት በፊት ነው። ከጎንደር ሰንጋ ጭነን ወደ መተማ እየወረድን ነበር። መኪናውም ተሳቢውም የኪራይ ነው። ገንዳ ውሃ ላይ ቆመን ሻይ ስንጠጣ የተቃጠለ ሽታ ሸተተኝ። ሹፌሩም ሸቶታል። ቁልቁለት ስለወረድን የፍሬን ሸራ ነው፣ ይበርዳል ተባብለን ተነሳን። ከኮኪት ሳንደርስ የተሳቢው የግራ ጎማ ጭስ ያወጣ ጀመር። ስንወርድ ሞዞው በእጅ የሚነካ አልነበረም። ግራሶው ቀልጦ ፈሷል፣ ኩሽኔታው ተነክሷል። ቀትር ላይ፣ ጥላ በሌለበት ቦታ ከብቶቹን አውርደን በእግር መንዳት ግድ ሆነ። አንዱ ሰንጋ መንገድ ላይ ተኛ፤ ለሥጋ ቤት በወረደ ዋጋ ተሸጠ። የቀሩትም መተማ ዮሐንስ የደረሱት ከስተው ነው።

ቤቴ ገብቼ ሂሳብ ስሠራ አንድ ነገር አየሁ። በዚያው መንገድ ከዚያ በፊት በነበሩት ሁለት ጉዞዎች ናፍጣው ከወትሮው በሃያ ሊትር ያህል በልጦ ነበር። እኔ ግን ማደያው አጭበርብሮኛል ብዬ ነበር ያማሁት። ለካ የተሳቢው ፍሬን ተጣብቆ ለሳምንታት መኪናውን ወደ ኋላ ሲጎትት ኖሯል። ናፍጣው አስቀድሞ ነግሮኛል፤ የሚሰማ ግን አልነበረም።

ይህ ጽሑፍ ስለ ነዳጅ ቁጠባ ነው። ግን ሳንቲም ስለመቆጠብ ብቻ አይደለም። ነዳጅ የሚያባክነው ነገር ሁሉ ከብቱንም ያንገላታል፣ ጎማም ይበላል፣ አንዳንዴም መንገድ ላይ ያስቀራል። አባቶቻችን በዚህ መንገድ በግመልና በበቅሎ ሲነግዱ ናፍጣ የሚባል ነገር አያሳስባቸውም ነበር። እኛ ግን ከሐምሌ 2014 ዓ.ም. ጀምሮ የነዳጅ ድጎማው ደረጃ በደረጃ ሲነሳ፣ ዋጋው በየጊዜው ሲጨምር አይተናል። ከሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በሱዳን ጦርነት ምክንያት ከድንበሩ ማዶ ያለው ነዳጅ አንድ ቀን ይገኛል፣ አንድ ቀን ይጠፋል። አንድ ሰሞን ኢትዮጵያ ቤንዚን ከሱዳን በዚሁ በመተማ በኩል ታስገባ እንደነበር የሚያስታውስ ነጋዴ ነገሩ ምን ያህል እንደተገለበጠ ያውቃል።

ሂሳቡ በኪሎ ሜትር ሳይሆን በአንድ ሰንጋ ነው

ሹፌር ሲጠየቅ "በሊትር ይህን ያህል ኪሎ ሜትር" ብሎ ይመልሳል። ለነጋዴ ግን ይህ ግማሽ መልስ ነው። የእኛ ጥያቄ አንድ ሰንጋ ገበያ እስኪደርስ ስንት ብር ናፍጣ በላ የሚል ነው።

በምሳሌ እንየው። ከጎንደር መተማ ዮሐንስ ወደ 190 ኪሎ ሜትር ነው፤ ደርሶ መልስ 380 ኪሎ ሜትር። መካከለኛ የጭነት መኪና በሊትር 4 ኪሎ ሜትር ቢሄድ 95 ሊትር ይፈጃል። ዋጋው ስለሚለዋወጥ ለሂሳብ እንዲቀለን ሊትሩን 100 ብር እንበለው። 9,500 ብር ማለት ነው። 18 ሰንጋ ከተጫነ በአንዱ ላይ 528 ብር ያህል ያርፋል። 15 ብቻ ከተጫነ 633 ብር ይሆናል። መኪናው ያው፣ መንገዱ ያው፣ በሦስት ሰንጋ ጉድለት ብቻ በእያንዳንዱ ላይ ከ100 ብር በላይ ተጨመረ።

አሁን ደግሞ በጥንቃቄ ብቻ 10 ከመቶ ናፍጣ ቆጠብን እንበል። በአንድ ጉዞ 9.5 ሊትር ነው፤ ትንሽ ይመስላል። በአስር ምልልስ ግን 95 ሊትር ይሞላል። አስራ አንደኛው ጉዞ በነጻ ሆነ ማለት ነው።

ከማዶ የምትቀዱ አንድ ነገር አትርሱ። ሱዳን ውስጥ ነዳጅ በጋሎንም ይለካል፤ አንዱ ጋሎን 4.5 ሊትር ያህል ነው። በሁለቱ አገር መለኪያ እየቀላቀሉ መመዝገብ ሂሳብን ያበላሻል። ሁሉንም ወደ ሊትር ቀይራችሁ ጻፉ።

መንገዱ ራሱ ምን ይለናል?

የእኛ መስመር አንድ ልዩ ጠባይ አለው። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ነው። መተማ 700 ሜትር አካባቢ ነው። ገዳሪፍ ደግሞ ወደ 600 ሜትር ዝቅ ይላል። ስለዚህ ከብት ጭነን ስንሄድ እንወርዳለን፣ ባዶ ስንመለስ እንወጣለን። ከአይከል በኋላ ወደ ነጋዴ ባሕርና ወደ ገንዳ ውሃ የሚወርደውን ቁልቁለት የማያውቅ የለም።

ክብደት ወደ ላይ መጎተት ያለው ዋጋ በቀላሉ ይሰላል። አንድ ቶን ዕቃ 1,450 ሜትር ከፍታ ለማውጣት፣ ናፍጣ ሞተር ከነዳጁ ኃይል ሲሶውን ያህል ብቻ ለጎማ እንደሚያደርስ ቆጥረን፣ ከአንድ ሊትር ትንሽ የሚበልጥ ናፍጣ ያስፈልጋል። ይህ ለዳገቱ ብቻ ነው፤ የጎማና የንፋስ ድርሻ ሌላ ነው። ባዶ ተሳቢ አራት ቶን ቢመዝን ለዳገቱ ብቻ ከአራት ሊትር በላይ፣ በአስፋልት ላይ ለመንከባለል ደግሞ ሌላ አራት ሊትር ገደማ ይወስዳል። በአንድ መንገድ ብቻ ስምንት፣ ዘጠኝ ሊትር መሆኑ ነው። ስለዚህ ከብቱ በአንድ መኪና ካሶኒ የሚያልቅ ከሆነ "ምናልባት ይገኝ ይሆናል" ብሎ ተሳቢ ማስከተል ገንዘብ መበተን ነው። ተሳቢ የሚያዋጣው ሲሞላ ነው፤ ሲሞላ ደግሞ በጣም ያዋጣል፤ ምክንያቱም አንድ ሞተርና አንድ ሹፌር የሁለት መኪና ሥራ ይሠራሉ።

ለዳገቱ ከመነሳታችሁ በፊት ካሶኒውን አጽዱ። አንድ ሰንጋ በቀን ሃያ ኪሎ ያህል እበት ይጥላል። እርጥብ ጭድና አሸዋ ሲጨመርበት ሦስት አራት መቶ ኪሎ ቆሻሻ ጎንደር ድረስ ይዞ መውጣት ይመጣል። በነዳጅ በኩል አንድ ሊትር ቢሆን ነው፤ ለካሶኒው ወለልና ለሚቀጥለው ከብት ጤና ግን ጥቅሙ ከነዳጁ ይበልጣል። ካሶኒ ውስጥ የሚንከባለለው አሮጌ ጎማ፣ የተሰበረ ባሌስትራ፣ የማይሠራ ክሪክም አብሮ ይውረድ።

ቁልቁለት በፎሌ አይወረድም

ብዙ ሹፌር ቁልቁለት ላይ ማርሹን ፎሌ ካደረገ ነዳጅ የሚቆጥብ ይመስለዋል። እውነቱ ተቃራኒው ነው። መኪናው ማርሽ ውስጥ ሆኖ ያለ ነዳጅ ፔዳል ሲወርድ ሞተሩን የሚያዞረው ጎማው ነው፤ ፓምፑም ናፍጣ መርጨቱን ያቆማል። ፎሌ ሲሆን ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ በራሱ ናፍጣ ይበላል። ስለዚህ በፎሌ የሚወርድ ሰው ናፍጣም አይቆጥብም፣ መኪናውን የሚይዘውም ፍሬን ብቻ ይሆናል። ፍሬኑ ሲግል ደግሞ መያዝ ያቆማል። ከኋላ ተሳቢ፣ በላዩ ቆሞ የሚወዛወዝ ከብት እያለ ይህ ምን ማለት እንደሆነ መናገር አያስፈልግም።

ትክክለኛው መንገድ ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ማርሽ መቀነስ ነው። ዳገቱን ለመውጣት የሚያስፈልገው ማርሽ ለመውረዱም ይሆናል የሚለው የድሮ ሹፌሮች ደንብ ዛሬም ይሠራል። የሞተር ፍሬን ካለ ተጠቀሙበት። ፍሬን ከተያዘ ጠበቅ አድርጎ ፍጥነቱን ቀንሶ መልቀቅ ይሻላል፤ ቀስ ብሎ ያለማቋረጥ መርገጥ ታምቡሩን ያግለዋል።

ጎማ፦ ጠዋት የሚለካ ገንዘብ

ነዳጅ ቆጣቢው ርካሽ ዕቃ የጎማ ንፋስ መለኪያ ነው። ጎማ ንፋሱ ሲጎድል ይለጠጣል፣ ሲለጠጥ ይሞቃል፤ ያ ሙቀት ከናፍጣችሁ የወጣ ነው። በጭነት መኪና ላይ ንፋሱ አሥር ከመቶ ሲጎድል ናፍጣ አንድ ከመቶ ያህል ይጨምራል ተብሎ ይታሰባል። አንድ ከመቶው ትንሽ ነው፤ ግን በእኛ አገር ጎማ የሚጎድለው አሥር ከመቶ ብቻ አይደለም፣ የተሳቢ ጎማ ደግሞ ማንም አያየውም። በሙቀት ላይ የተለጠጠ ጎማ ሲፈነዳ የሚጠፋው ከናፍጣው ጋር አይነጻጸርም።

ሦስት ነገር ልብ በሉ። አንደኛ፣ ንፋስ የሚለካው ጠዋት፣ መኪናው ሳይንቀሳቀስ ነው። መተማ ቀትር ላይ የጋለ ጎማ ለክቶ "በዛ" ብሎ ማስተንፈስ ትልቅ ስህተት ነው፤ ሲበርድ ጎድሎ ይገኛል። ሁለተኛ፣ ከደጋ ወደ ቆላ ስንወርድ የአየሩ ግፊት ስለሚጨምር ጎንደር ላይ የተሞላ ጎማ መተማ ላይ በተመሳሳይ ሙቀት ቢለካ 2 ፒኤስአይ ያህል ጎድሎ ይታያል። ቆላው ስለሚሞቅ ጉድለቱ ይሸፈናል፤ ገዳሪፍ አካባቢ በጥር ማለዳ ስትነሱ ግን እንደገና ለኩት። ሦስተኛ፣ በጥንድ ጎማ ላይ አንዱ ጠንካራ፣ አንዱ ልል ከሆነ ጠንካራው ሸክሙን ብቻውን ይይዛል፣ ልሉ እየተፈተገ ያልቃል። የውስጠኛውን ጎማ በእግር መትቶ ድምፅ ከመስማት መለኪያ ማስገባት ይሻላል።

ተሳቢው የሚጎትት ሳይሆን የሚጎተት መሆን አለበት

የእኔ ታሪክ የተሳቢ ፍሬን ነበር። ስለዚህ በዚህ ላይ ረዘም ልበል።

በየጉዞው መጀመሪያ ላይ አሥር፣ አሥራ አምስት ኪሎ ሜትር ከሄዳችሁ በኋላ ሜዳ ቦታ ላይ ቁሙ። ከጎንደር ለሚነሳ አዘዞን አልፎ፣ ከገላባት ለሚነሳ ከተማውን ወጣ ብሎ ማለት ነው። ረዳቱ በሁሉም ሞዞዎች አጠገብ እጁን ያቅርብ፤ መጀመሪያውኑ አይንካ። ሁሉም እኩል ለብ ካሉ ደህና ነው። አንዱ ከሌሎቹ ለይቶ ከጋለ ወይ ፍሬኑ አልለቀቀም፣ ወይ ኩሽኔታው ጠብቋል ወይም ግራሶው አልቋል። ይህ ሥራ አምስት ደቂቃ ይወስዳል። እኔ ገንዳ ውሃ ላይ ያችን አምስት ደቂቃ ስለሰሰትኩ አንድ ሰንጋ ከፍያለሁ።

ጋራዥ ስትገቡ ተሳቢውን በክሪክ አስነስታችሁ ጎማውን በእጅ አዙሩት። በቀላሉ መዞር አለበት፤ ከተፈጋፈገ ፍሬኑ ይስተካከል። የአየር ቱቦዎቹም ይታዩ፤ አየር የሚያፈስ ተሳቢ ፍሬኑን ሙሉ በሙሉ አይለቅም። ከዚያ የአክስሉን ቀጥታ መሆን አረጋግጡ። ከኋላ ሆኖ የሚከተል ሰው ተሳቢው ከመኪናው ጎን ወጣ ብሎ እንደ ሸርጣን የሚሄድ መሆኑን በዓይኑ ያያል። ከተጣመመ ጎማው መንገዱ ላይ ይንሸራተታል፤ ናፍጣም ጎማም አብረው ያልቃሉ። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ የተሰበረ ባሌስትራ ወይም የላላ ቡሎን ነው፤ ጥገናው ከአንድ ጎማ ዋጋ አይበልጥም።

በፒክ አፕ ኋላ ትንሽ ባለ አንድ አክስል ተሳቢ አስከትላችሁ በግና ፍየል የምታጓጉዙ ደግሞ የክብደቱን አቀማመጥ ተመልከቱ። ከተሳቢው ጠቅላላ ክብደት ከ10 እስከ 15 ከመቶው መንጠቆው ላይ ማረፍ አለበት። ሁለት ቶን ከሆነ ከ200 እስከ 300 ኪሎ ማለት ነው። ክብደቱ ወደ ኋላ ከበዛ ተሳቢው ጅራቱን ይወዘውዛል፤ ወደ ፊት ከበዛ የፒክ አፑ ኋላ ይቀመጣል፣ ፊቱ ይነሳል፣ መሪው ይቀልላል። በጎቹ ወደ አንድ ጎን እንዳይሸሹም መሃል ላይ መከፋፈያ እንጨት ይኑር።

ፍጥነትና የገዳሪፍ ንፋስ

ከገላባት በዶካ በኩል ገዳሪፍ 150 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። መሬቱ ሜዳ ነው፤ ዓይን የሚያርፍበት የለም፤ ማሽላና ሰሊጥ ብቻ። ሜዳ ሲሆን እግር ይከብዳል። ችግሩ ያለው እዚህ ላይ ነው።

የአየር ግፊት ከፍጥነት ጋር እኩል አይጨምርም፤ በእጥፍ እጥፉ ነው። ከ60 ወደ 80 ኪሎ ሜትር በሰዓት ስትጨምሩ ፍጥነቱ በሲሶ ብቻ አደገ፤ የንፋሱ ግፊት ግን በ78 ከመቶ ጨመረ። በበጋ ወራት በሱዳን ሜዳ ላይ ንፋሱ ከሰሜን ይነፍሳል። ወደ ከሰላና ወደ ሰዋኪን ወደብ የሚያመራ ሰው ንፋሱን በፊቱ ይቀበለዋል። በ70 እየነዳ በ20 የሚነፍስ ንፋስ ከገጠመው መኪናው የሚሰማው የ90 ንፋስ ነው። ንፋስ በበዛበት ቀን ፍጥነት ቀንሱ፤ ከተቻለ ንጋት ላይ፣ ንፋሱ ሳይነሳ ብዙውን መንገድ ጨርሱ። ይህ ለከብቱም ይበጃል፤ ሙቀቱ ሳይመጣ ይደርሳል።

የከብት ስፖንዳ በጣውላ የተሠራ፣ ክፍተት ያለው ነው። ንፋስ ይይዛል፤ ግን ከብቱ መተንፈስ ስላለበት ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ መሸፈን አይፈቀድም። ማድረግ የሚቻለው ሌላ ነው። ባዶ ስትመለሱ የሚወርደውን የላይኛውን ስፖንዳ አውርዱት። የሚንተከተክ ሸራ ጠቅልላችሁ እሰሩት። ከመኪናው ጣሪያ በላይ የሚቆም ጭነት አትጫኑ። መኪናውና ተሳቢው መሃል ያለው ክፍተትም በሚያስፈልገው ልክ ይሁን፤ ለመጠምዘዝ ከሚበቃው በላይ ሰፊ ክፍተት ንፋስ የሚሽከረከርበት ጉድጓድ ነው።

ማርሽን በተመለከተ፣ የሞተር ዙር መቁጠሪያው ላይ አረንጓዴ መስመር ካለ እዚያ ውስጥ ቆዩ። ሜዳ ላይ ከፍ ባለ ማርሽ በዝቅተኛ ዙር መሄድ ይቆጥባል፤ ዳገት ላይ ግን ሞተሩ እስኪንቀጠቀጥ መጠበቅ ናፍጣም አይቆጥብም፣ ሞተርም ያደክማል። ከሁሉ በላይ አርቆ ማየት ነው። ኬላ፣ መንጋ፣ ጉብታ ከሩቅ ሲታይ እግርን ከነዳጅ ማንሳት፣ መኪናው በራሱ እንዲቀዘቅዝ መተው። በየፍሬኑ የምናጠፋው ፍጥነት ሁሉ ቀድሞ በናፍጣ የተገዛ ነው። ከብቱም ፍሬን በተያዘ ቁጥር ለመቆም ይታገላል፣ ይወድቃል፣ ይቀላል። 300 ኪሎ ሰንጋ በረጅም ጉዞ አምስት ከመቶ ቢቀንስ 15 ኪሎ ነው። በዛሬው የቁም ዋጋ አባዙት፤ የናፍጣውን ወጪ ሊበልጥ እንደሚችል ታያላችሁ።

ጥቁር አፈር ሲረጥብ

ከዋናው አስፋልት ወጥተን ወደ መንደርና ወደ እርሻ ካምፕ ስንገባ ነገሩ ሌላ ነው። በመተማም በገዳሪፍም መሬቱ ጥቁር ዋልካ ነው። ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ሲረጥብ ጎማ ላይ ይለጠፋል።

ቁጥሩ እንዲህ ነው። አሥር ቶን መኪና ደህና አስፋልት ላይ ለመንከባለል የክብደቱን አንድ ከመቶ ያህል፣ ማለትም የ100 ኪሎ ጉተታ ይፈልጋል። ጠጠር መንገድ ላይ እጥፍ ይሆናል። ለስላሳ አፈርና ጭቃ ላይ ግን አሥር ከመቶና ከዚያም በላይ ይደርሳል። አንድ ኪሎ ሜትር ጭቃ የአሥር ኪሎ ሜትር አስፋልት ጉተታ ይበላል ማለት ነው። ስለዚህ በክረምት አቋራጭ የሚባል ነገር አቋራጭ አይደለም። ሃያ ኪሎ ሜትር ዞሮ በአስፋልት መሄድ በአምስት ኪሎ ሜትር ጭቃ ከማቋረጥ ይረክሳል፤ ሲጣበቁ ለማውጫ የሚከፈለው ገንዘብ ሳይቆጠር።

ከሰኔ እስከ መስከረም ከብት ወደ አስፋልት ዳር በእግር እንዲመጣ ማድረግ፣ ከባድ ዕቃን ደግሞ በትራክተር ተሳቢ ማውጣት የተለመደው ለዚህ ነው። ዝናብ ከጣለ በኋላ አንድ ቀን መጠበቅ መሬቱን ያጠነክረዋል። ግድ ሆኖ በፒክ አፕና በትንሽ ተሳቢ የሚገባ ሰው ለስላሳ አፈር ላይ የጎማውን ንፋስ ቀነስ አድርጎ፣ ቀስ ብሎ መንዳት ይችላል፤ የሚነካው መሬት ስለሚሰፋ ጎማው አይሰምጥም። አንድ ቅድመ ሁኔታ አለው፤ ንፋስ መሙያ ይዞ መሄድና አስፋልት ሳይወጡ መሙላት። ልል ጎማ ይዞ አስፋልት ላይ መሮጥ ጎማውን መግደል ነው። የተሳቢው ጎማም አብሮ ይቀነስ፤ መኪናው ተንሳፎ ተሳቢው ከሰመጠ ምንም አልተሠራም። አስፋልት ላይ ስትወጡም በጎማው መሃልና በጭቃ መከላከያው ውስጥ የተጠቀጠቀውን ዋልካ አራግፉ፤ ጎማ እየፈተገ የሚሄድ ጭቃ እንደተያዘ ፍሬን ነው።

በበጋ ደግሞ አቧራው አለ። የአየር ፊልትሮ ሲደፈን ሞተሩ ይታፈናል፣ ጥቁር ጭስ ያወጣል። ጥቁር ጭስ ሳይቃጠል የወጣ ናፍጣ ነው። በእርሻ መንገድ ከተመላለሳችሁ ፊልትሮውን በየጉዞው እዩት። ከበርሜል ወይም ከጀሪካን የተቀዳ ናፍጣ ግድ ከሆነባችሁ አሳድራችሁ፣ በጨርቅ አጥልላችሁ፣ የታችኛውን ዝቃጭ ትታችሁ ቅዱ፤ የውሃ መለያውንም አፍስሱ። በምንም ምክንያት ግን ናፍጣ የያዘ ጀሪካን ከከብት ጋር ካሶኒ ውስጥ አይቀመጥ። ሲረገጥ ይፈሳል፣ ሽታው ከብት ያውካል፣ እሳትም አለ።

ድንበር ላይ የሚቃጠል ናፍጣ

ከነዳጃችን ሳንሄድበት የሚያልቅ አለ። የቆመ መካከለኛ ናፍጣ ሞተር በሰዓት ሁለት ሊትር ገደማ ይበላል፣ ትልቁ ሦስት። መተማ ላይ ሰልፍ ይዞ በቀን አራት ሰዓት ሞተር እያስነሳ ሦስት ቀን የቆመ ሰው 24 ሊትር አቃጠለ። በምሳሌያችን ዋጋ 2,400 ብር፣ በእያንዳንዱ ሰንጋ ላይ 133 ብር ነው። በጎማና በንፋስ ከቆጠበው ይበልጣል።

ስለዚህ ከአምስት ደቂቃ በላይ ከቆማችሁ ሞተር አጥፉ። ባትሪ ደካማ ስለሆነ አላጠፋም የሚል ሹፌር በየወሩ የባትሪ ዋጋ በናፍጣ እየከፈለ ነው። የፍሬን አየር እንዳይጎድል የሚሰጋም ቱቦውን ያስጠግን።

ዋናው ቁጠባ ግን ከመነሳት በፊት ነው። ይህ ድንበር ይዘጋል፣ ይከፈታል። በ2014 ዓ.ም. ሰኔ መጨረሻ ላይ ተዘግቶ በሐምሌ መከፈቱን እናስታውሳለን፤ ከጦርነቱ ወዲህ ደግሞ ሁኔታው በየሳምንቱ ይለያያል። ከብት ከመጫናችሁ በፊት ገላባት ያለ ወዳጅ ጋ ደውሉ፤ መንገዱ ሰላም መሆኑን፣ ኬላው መሥራቱን፣ ተረካቢው መምጣቱን አረጋግጡ። የእንስሳት ጤና ምስክር ወረቀቱና የጉምሩክ ሰነዱ ካልተሟላ መኪናው አይነሳ። ከብቱን መኪና ላይ አቁሞ ወረቀት ከመሮጥ ከብቱን ጥላ ሥር አውርዶ፣ ውሃና ገለባ ሰጥቶ መጠበቅ ይሻላል። በአንድ የስልክ ጥሪ የሚቀር ባዶ ጉዞ 95 ሊትር ነው፤ ከዚህ በላይ የሚቆጥብ ፊልትሮም ጎማም አልተሠራም።

ባዶ አትመለሱ

ዳገቱን የምንወጣው ባዶ ነው ብለናል። መኪናውና ተሳቢው ራሳቸው ግን ባዶም ሆነው ነዳጅ ይበላሉ። በወቅቱ ከመተማና ከገንዳ ውሃ ወደ ደጋ የሚወጣ ሰሊጥ፣ ማሽላና ጥጥ አለ። ለዳገቱ በቶን አንድ ሊትር ከምናምን፣ ለመንከባለሉ ደግሞ ተመሳሳይ መጠን ይጨምራል፤ በቶን ሁለት ሊትር ተኩል ቢሆን ነው። የአምስት ቶን ጭነት ወደ አሥራ ሁለት ሊትር ያስወጣችኋል፤ የሚከፈላችሁ ኪራይ ግን ከዚያ ብዙ እጥፍ ነው። የመመለሻው ኪራይ የደርሶ መልሱን ናፍጣ ግማሽ ቢሸፍን በአንድ ሰንጋ ላይ ያረፈው 528 ብር ወደ 264 ይወርዳል። ካሶኒው ታጥቦ መድረቅ አለበት፤ የእበት ሽታ የያዘ እህል የሚቀበል የለም። አጣቢ መቅጠር ከዚህ ገቢ አንጻር ኢምንት ነው።

ደብተሩ

በመጨረሻ አንድ ደብተር ግዙ። በየጉዞው አምስት ነገር ብቻ ጻፉ፦ ቀን፣ ኪሎ ሜትር፣ የተቀዳ ሊትር፣ የከብት ቁጥር፣ የመመለሻ ጭነት። በስልክ የከፈላችሁበት ደረሰኝ ሊትሩን ለማመሳከር ይረዳል። ሁልጊዜ ታንከሩን ሙሉ አድርጋችሁ ቅዱ፤ አለዚያ ልዩነቱ አይታወቅም። አምስት ስድስት ጉዞ ከተመዘገበ በኋላ የመኪናችሁን ልክ ታውቃላችሁ። ከዚያ ልክ አሥር ከመቶ ያለፈ ቀን ምክንያት ፈልጉ። መጀመሪያ ጎማ፣ ቀጥሎ የተሳቢ ፍሬን፣ ቀጥሎ ፊልትሮ፣ ቀጥሎ የቆማችሁበት ሰዓት። ማደያውን የምትጠረጥሩት እነዚህን ከጨረሳችሁ በኋላ ይሁን።

ለሹፌሩም ድርሻ ስጡት። ከቆጠበው ናፍጣ ሲሶው የእሱ ነው ቢባል ጎማውን ጠዋት ማን እንደሚለካ ታያላችሁ። አለዚያ ደግሞ የሚቆጥበው እሱ፣ የሚያተርፈው ባለ መኪናው ከሆነ ምክራችን ሁሉ ከጆሮው አያልፍም።

እኔ ያን ዕለት ኮኪት አጠገብ የተኛውን ሰንጋ ዋጋ እስካሁን ደብተሬ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ጽፌ ይዤዋለሁ። ከሱ በታች ያለው መስመር "ሃያ ሊትር በለጠ፣ አላየሁም" ይላል። ሽታ ሲሸታችሁ ውረዱ፤ ናፍጣ ሲበልጥባችሁ ጠይቁ።